የቆየ ስልክን ‘አፕዴት’ ማድረግ ይበጃል ወይስ ይጎዳል? ከገዳሪፍ እስከ መተማ የሚነሳ ጥያቄ

በምሥራቅ ሱዳን በምትገኘው የገዳሪፍ ከተማ፣ በኡም ራኩባና በቱናይድባህ የስደተኞች መጠለያዎች፣ እንዲሁም በጋላባትና በመተማ የድንበር ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በእጃቸው ከያዟቸው ስልኮች በርካቶቹ ከተመረቱ ዓመታት ያስቆጠሩ፣ ከአንድ በላይ ባለቤት ያዩ ናቸው። በሰሊጥ አዝመራ ወቅት በመተማ በኩል ተሻግረው ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች የሚዘልቁ የቀን ሠራተኞች የሚገዙትም በአብዛኛው ይህንኑ ዓይነት ስልክ ነው።

በእነዚህ ስልኮች ማያ ገጽ ላይ አንድ ቀን ‘አዲስ የሶፍትዌር ማሻሻያ ተዘጋጅቷል፤ አሁን ይጫን?’ የሚል መልዕክት ብቅ ይላል። ወይም ደግሞ በተቃራኒው ዋትስአፕ ‘ይህ ስልክ ከእንግዲህ አያስጠቅምም’ ይላል። ባለቤቱ ወደ ጥገና ቤት ሲሄድ አንዱ ባለሙያ “አትንካው፣ ያበላሽብሃል” ሌላው “ፍላሽ ላድርግልህ” ይለዋል።

የማያቋርጥ ኢንተርኔትና መብራት ባለበት ከተማ ለሚኖር ሰው የተሳሳተ ውሳኔ የሚያስከፍለው ቢበዛ የአንድ ቀን ድካም ነው። በድንበሩ አካባቢ ግን ስሌቱ ሌላ ነው።

ስልኩ ምን ተሸክሟል?

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የትግራይ ጦርነት ሲቀሰቀስ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ወደ ሱዳን ተሰድደዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ የሰፈሩባት ኡም ራኩባ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በነበረው ረሃብ ጊዜም ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለች ቦታ ናት። እነዚህ ሰዎች ድንበሩን ሲሻገሩ በትግራይ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። ከቤተሰብ የተለያየ ሰው የቀድሞ ስልክ ቁጥሩን የሙጥኝ ብሎ የያዘው ‘አንድ ቀን በዚህ ይደውሉልኝ ይሆናል’ በሚል ተስፋ ነው።

ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. በካርቱም በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ውጊያ ሲጀመር፣ በዋና ከተማዋ ይኖሩ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መካከል ብዙዎች በገዳሪፍ አድርገው ወደ መተማ አመሩ፤ ሱዳናውያንም አብረዋቸው ተሰደዱ። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የዜይን፣ የሱዳኒና የኤምቲኤን ኔትወርኮች በአገሪቱ ሰፊ ክፍል በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። አገልግሎቱ በምሥራቁ ክፍል ደረጃ በደረጃ ቢመለስም፣ በበርካታ ስፍራዎች ሰዎች በሰዓት እየከፈሉ በስታርሊንክ የሳተላይት ኢንተርኔት መጠቀም ጀመሩ። ከድንበሩ ወዲህም በአማራ ክልል ሐምሌ 28/2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል።

በዚህ ላይ ገንዘቡ አለ። ከጦርነቱ ወዲህ በሱዳን ጥሬ ገንዘብ በመጥፋቱ የካርቱም ባንክ ‘ባንካክ’ የተባለው መተግበሪያ ዋነኛ የመገበያያ መንገድ ሆኗል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በጦር ሠራዊቱ ቁጥጥር ሥር ባሉ ግዛቶች የ500 እና የ1,000 ፓውንድ ኖቶች ሲቀየሩም ብዙ ሰው ወደ ባንክ ሒሳብና ወደ ስልክ ተገፍቷል። በመተማ በኩል ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር አለ።

እንግዲህ በገዳሪፍ ገበያ የሚሄድ አንድ አሮጌ ስልክ የባለቤቱ ቦርሳ፣ የቤተሰብ አድራሻ፣ የትምህርት ማስረጃና የስደተኛ መታወቂያ ፎቶ የሚገኝበት ማኅደር ነው። ‘ላዘምነው ወይስ ልተወው?’ የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት ያለበት ይህንን ታሳቢ በማድረግ ነው።

አንድ ቃል፣ አራት የተለያዩ ነገሮች

‘አፕዴት’ የሚለው ቃል በአካባቢው ቢያንስ ለአራት ሥራዎች ይውላል። ግራ መጋባቱም በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው የመተግበሪያ ማሻሻያ ነው። ዋትስአፕን፣ ቴሌግራምን ወይም የባንክ መተግበሪያን ወደ አዲሱ ቅጂ ማሸጋገር ማለት ሲሆን የስልኩን ሥርዓተ ክወና አይነካም።

ሁለተኛው የደኅንነት ማሻሻያ ነው። የስልኩ መልክ፣ የምናሌው አቀማመጥ፣ ሌላውም ነገር ሁሉ እንደነበረ ይቆያል፤ የሚለወጠው ሰርጎ ገቦች ሊገቡበት የሚችሉት ቀዳዳ መደፈኑ ብቻ ነው። መጠኑም ብዙ ጊዜ ከአስር ሜጋባይቶች እስከ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው። በቅንብሮች ውስጥ ‘ስለ ስልኩ’ በሚለው ክፍል የሚታየው ‘የደኅንነት ማሻሻያ ቀን’ ይህ ሥራ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተሠራ ይናገራል። ስለ አንድ አሮጌ ስልክ ጤንነት ከአንድሮይዱ ቁጥር ይልቅ ይህ ቀን ብዙ ያስረዳል።

ሦስተኛው የሥርዓተ ክወናው ራሱ መለወጥ ነው፤ ለምሳሌ ከአንድሮይድ 9 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 11። መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ነው። የስልኩ አምራች ራሱ የላከው ከሆነ ፎቶዎችን፣ መልዕክቶችንና መተግበሪያዎችን አይሰርዝም።

አራተኛው በጥገና ቤት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ‘ፍላሽ’ ነው። ይህ ማሻሻል ሳይሆን የስልኩን ሶፍትዌር እንዳለ አውጥቶ ሌላ መጫን ነው፤ በአብዛኛው በስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ብዙ ሰው ‘አፕዴት ስልኬን አጠፋብኝ’ ብሎ የሚያማርረው ይህ አራተኛው የደረሰበት ጊዜ ነው። ሦስተኛው ያለ ምክንያት ይታማል።

አሮጌ ሥርዓት ምን ያስከፍላል?

‘ስልኬ ይሠራል፤ ምን አስነካኝ’ የሚለው አስተሳሰብ ምክንያታዊ ይመስላል። ይሁንና ለኢትዮጵያውያን ተጠቃሚዎች ቅርብ የሆነ አንድ ምሳሌ ሌላ ነገር ያሳያል።

በአውሮፓውያኑ 2020 ‘አፕስትሪም’ የተባለ ኩባንያ ባወጣው ምርመራ፣ ‘ቴክኖ ደብሊው 2’ በተባሉ ርካሽ ስልኮች ውስጥ ‘ትራያዳ’ እና ‘ኤክስሄልፐር’ የተባሉ አደገኛ ፕሮግራሞች ከገበያ በፊት ተጭነው ተገኝተዋል። ስልኮቹ ከተገኙባቸው አገራት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ በክፍያ ለሚሰጡ አገልግሎቶች እየተመዘገቡ የአየር ሰዓቱን ይበሉ ነበር። አምራቹ ትራንሺን ጥፋቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ ሌላ አቅራቢ ላይ ያደረገ ሲሆን፣ ማስተካከያ ማሻሻያ መልቀቁንም አስታውቋል። ሱዳናውያን ‘ረሲድ’ የሚሉት የስልክ ሒሳብ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚያልቅበት ሰው ማስተካከያው ይደርሰው የነበረው ግን ማሻሻያውን ከጫነ ብቻ ነው።

ሌላው ምሳሌ ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ይላል። በ2015 ‘ስቴጅፍራይት’ የሚል ስም የተሰጠው የአንድሮይድ ክፍተት ይፋ ሲሆን፣ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ስልኮች አንድ የመልቲሚዲያ መልዕክት በመቀበል ብቻ ሊጠለፉ እንደሚችሉ ታወቀ። ባለቤቱ መልዕክቱን መክፈት እንኳ አያስፈልገውም ነበር። ጉግልና ሳምሰንግ በየወሩ የደኅንነት ማሻሻያ ለማውጣት የወሰኑት ከዚህ በኋላ ነው።

ከጥቃት ባሻገር አሮጌ ሥርዓት ቀስ በቀስ ከዓለም ይነጠላል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡት በዲጂታል የምስክር ወረቀት ሲሆን፣ ስልኮች የሚያምኗቸውን ሰጪዎች ዝርዝር ይዘው ይወጣሉ። በመስከረም 2021 በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት የ‘ሌትስ ኢንክሪፕት’ ነባር ሥር የምስክር ወረቀት ጊዜው አለፈ፤ አዲሱን የማያውቁት ከአንድሮይድ 7.1.1 በታች ያሉ ስልኮች ነበሩ። ድርጅቱ በጊዜያዊ መፍትሔ ሦስት ዓመት አስታመማቸው። ከዚያ በኋላ እነዚህ ስልኮች ብዙ ገጾችን ሲከፍቱ ‘ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም’ የሚል ማስጠንቀቂያ ያያሉ። (ይኸው ማስጠንቀቂያ ባትሪው ሞቶ ቀኑ የተዛባበት ስልክ ላይም ይመጣል፤ ወደ ጥገና ቤት ከመሄድ በፊት ቀኑንና ሰዓቱን ማየት አይከፋም።)

ዋትስአፕ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ከአንድሮይድ 5 በታች፣ ከግንቦት 2025 ጀምሮ ደግሞ አይኦኤስ 15.1 ያልደረሱ አይፎኖችን ትቷል። በመሆኑም በ2014 የወጣው አይፎን 6፣ ከአይኦኤስ 12 ማለፍ ስለማይችል፣ ዋትስአፕ የለውም። በ2016 የወጣው አይፎን 7 አይኦኤስ 15ን መቀበል ስለሚችል ገደቡን ያልፋል፤ ባለቤቱ ማሻሻያውን ‘በኋላ’ እያለ ሲያልፈው ከነበረ ግን እርሱም እንደ አይፎን 6 ተዘግቶበታል። የክሮም መቃኛ በበኩሉ በ2025 አጋማሽ ለአንድሮይድ 8 እና 9 አዳዲስ ቅጂዎችን ማቅረብ አቁሟል።

ስልኩን ያንቀራፍፋል የሚባለውስ?

ይህ ስጋት መሠረተ ቢስ አይደለም። በታኅሣሥ 2017 አፕል ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በሶፍትዌር ፍጥነታቸውን እንደሚቀንስ አምኗል። ኩባንያው ይህን ያደረገው ስልኮቹ በድንገት እንዳይጠፉ መሆኑን ቢገልጽም፣ ለደንበኞቹ አስቀድሞ አልተናገረም ነበር። በቀጣዩ ዓመት የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን አፕልን 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል። የሳምሰንግ ጥፋት ‘ጋላክሲ ኖት 4’ የተባለውን ስልክ ለሌላ ሞዴል የታሰበ አንድሮይድ እንዲጭን ተጠቃሚዎችን መገፋፋቱ ነበር።

ልዩነቱን የሚፈጥረው የስልኩ ማኅደረ ትውስታ፣ ማለትም ‘ራም’ የሚባለው፣ እና ባዶ የማከማቻ ቦታው ነው። ለአብነት በ2019 በአንድሮይድ 9 የወጣው ‘ጋላክሲ ኤ10’ 2 ጊጋባይት ራምና 32 ጊጋባይት ማከማቻ ይዞ፣ አምራቹ እስከ አንድሮይድ 11 አድርሶታል። ማከማቻው በቪዲዮ የተሞላ ኤ10 ከማሻሻያው በኋላ ቢንቀራፈፍ አያስገርምም። ይኸው ስልክ አምስትና ስድስት ጊጋባይት ባዶ ቦታ ካለው፣ አዲሱን ሥርዓት ይሸከማል። ከማሻሻያው በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ስልኩ ፋይሎቹን እንደገና ስለሚያደራጅ መሞቁና መዘግየቱ የተለመደ ነው፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ‘ተበላሸ’ ማለት ቸኩሎ መፍረድ ነው።

ወሳኙ ነጥብ ሌላ ነው። አንድ አምራች አንድሮይድ 11ን ከለቀቀ በኋላ ለዚያ ሞዴል የሚያወጣቸው የደኅንነት ማሻሻያዎች ብዙውን ጊዜ በአንድሮይድ 11 ላይ ብቻ የሚጫኑ ናቸው። በአንድሮይድ 9 ላይ መቆየትን የመረጠ ሰው መልኩን ብቻ ሳይሆን ጥበቃውንም ትቷል። ስለዚህ አምራቹ የላከው ማሻሻያ በ2 ጊጋባይት ስልክም ላይ ቢሆን፣ ቦታ ከተለቀቀለት፣ መቀበሉ የሚያመዝን ነው። ትንሽ መንቀራፈፍ ከተዘረፈ የባንክ ሒሳብ ይሻላል።

እውነተኛው አደጋ የሚገኝበት

በድንበሩ አካባቢ ሰዎችን ለከፋ ኪሳራ የሚዳርገው ከአምራቹ በኢንተርኔት የሚመጣው ማሻሻያ አይደለም። ስልኩ በፍላሽ ወይም በሌላ መንገድ ባዶ ሲሆን የሚከተለው ነው።

ዋትስአፕ ከስልክ ቁጥር ጋር የተሳሰረ ነው። ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ሲም ካርዱ ባይኖርም ይሠራል፤ በገዳሪፍ ተቀምጦ በኢትዮጵያ ቁጥር ወይም በካርቱም በቀረ ሲም የተከፈተ ዋትስአፕ የሚጠቀም ሰው ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ስልኩ ባዶ ሲሆን ግን መተግበሪያው ወደ ቁጥሩ የማረጋገጫ ኮድ ልላክ ይላል። ሲሙ የለም፤ ወይም ኔትወርክ በማይደርስበት አገር ነው፤ ወይም ለረጅም ጊዜ ስላልተሠራበት የቴሌኮም ኩባንያው ለሌላ ሰው ሸጦታል። ቁጥሩ ጠፋ ማለት ነው። የውይይት ታሪኩም ዋትስአፕ በየሌሊቱ በስልኩ ውስጥ ከሚያስቀምጠው ቅጂ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ለዚህ መከላከያ አለው፤ የሚሠራው ግን መተግበሪያው ክፍት ሆኖ ሳለ ብቻ ነው። በዋትስአፕ ቅንብሮች፣ ‘መለያ’ በሚለው ሥር ‘ቁጥር ቀይር’ የሚል አማራጭ ይገኛል። በዚህ በኩል የቀድሞውን ቁጥር በእጅ ባለ፣ መልዕክት መቀበል በሚችል የሱዳን ወይም የኢትዮጵያ ሲም መተካት ይቻላል። የማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው ወደ አዲሱ ቁጥር ነው። ቡድኖቹና ውይይቶቹ እንዳሉ ይቀጥላሉ፤ የተመረጡ ሰዎችም ቁጥሩ መቀየሩ ይነገራቸዋል። የቀድሞ ሲሙን ያጣ ሰው ስልኩን ያዘመነም አላዘመነ ይህን ዛሬውኑ ቢያደርገው ይመረጣል።

ቴሌግራም በዚህ ረገድ ይለያል። ውይይቶቹ የሚቀመጡት በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፤ ኮዱም መለያው በተከፈተበት ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ይደርሳል። በታመነ ዘመድ ስልክ ላይ አስቀድሞ መክፈት እንግዲህ እንደ ትርፍ ቁልፍ ያገለግላል።

ሁለተኛው ወጥመድ የጉግል መለያ ነው። ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ ስልክ ከራሱ ቅንብሮች ውጭ በሆነ መንገድ ባዶ ከተደረገ፣ እንደገና ሲከፈት ቀድሞ የነበረበትን የጉግል መለያና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ይህ የተሠራው ሌባን ለመከላከል ነው። ነገር ግን መለያውን የሱቁ ልጅ የከፈተለት፣ ወይም የቀድሞው ባለቤት መለያ ሳይወጣ ስልኩን የገዛ ሰው፣ በገዛ ንብረቱ ደጅ ቆሞ ይቀራል። ብዙ ተጠቃሚዎች ስልካቸው ላይ የተከፈተው የጉግል አድራሻ ማን እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት መለያው የራስ መሆኑን፣ የይለፍ ቃሉም መታወቁን ማረጋገጥ ያሻል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚጠቀሙ ሰዎች ጉግል የሚሰጣቸውን 10 የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ጽፈው ቢያኖሩ፣ ሲሙ ቢጠፋም መለያቸው አይጠፋም።

የባንክ መተግበሪያዎችም በአብዛኛው ከተመዘገበው ስልክና ቁጥር ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ‘ሩት’ የተደረገ ወይም ከአምራቹ ውጭ የሆነ ሥርዓት የተጫነበትን ስልክ ብዙዎቹ አይቀበሉም። ‘ሊኔጅ’ የተባለውን ዓይነት በነጻ የሚሰጥ ሥርዓት በአሮጌ ስልክ ላይ መጫን ለሚያውቅበት ሰው የስልክን ዕድሜ ያራዝማል፤ የቤተሰቡን ገንዘብ በስልኩ ለሚያንቀሳቅስ ሰው ግን የሚመከር አይደለም።

በሙቀትና በተቆራረጠ መብራት መካከል

በገዳሪፍ ከዝናቡ መግቢያ በፊት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። አፕል ለአይፎኖቹ የሚመክረው የአየር ሙቀት ከ35 ዲግሪ እንዳይበልጥ ነው። ማሻሻያ ሲጫን ስልኩ በሙሉ ኃይሉ ስለሚሠራ በራሱም ይሞቃል። በቀትር፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ የሚዘመን አሮጌ ስልክ ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳል። ሥራው ለሌሊት ወይም ለንጋት ቢተው ይሻላል።

ባትሪው ከግማሽ በላይ መሞላት አለበት፤ ብዙ ስልኮችም ከዚያ በታች ከሆነ አይጀምሩም። ባትሪው ያበጠ ወይም 40 በመቶ ላይ እያለ በድንገት የሚጠፋ ስልክ፣ ባትሪው ሳይለወጥ መነካት የለበትም። በአንድሮይድ 7 የተዋወቀ አንድ አሠራር ስልኩ ሁለት የሥርዓት ቅጂዎችን እንዲይዝና አዲሱ ባይሳካ ወደ ነባሩ እንዲመለስ ያደርጋል። በርካታ ርካሽ ስልኮች ግን ይህ አሠራር ሳይኖራቸው ተመርተዋል፤ እነዚህ በመጫን መካከል ኃይል ቢያጡ ላይነሱ ይችላሉ።

ማውረድና መጫን ሁለት የተለያዩ እርምጃዎች መሆናቸውን ማወቅ ገንዘብ ያተርፋል። በሰዓት በሚከፈልበት የሳተላይት ኢንተርኔት ቦታ ፋይሉን ማውረድ ይበቃል፤ ግንኙነቱ ቢቋረጥም ማውረዱ ካቆመበት ይቀጥላል። መጫኑ ኢንተርኔት ስለማያስፈልገው በቤት፣ በሌሊት ሊሠራ ይችላል። ከሁሉ በፊት ግን የሰነድ ፎቶዎች፣ የምስክር ወረቀቶችና የሞቱ ዘመዶች ምስሎች ወደ ሚሞሪ ካርድ ወይም ወደ ሌላ ስልክ መገልበጥ አለባቸው። ወደ ነባሩ ሥርዓት መመለስ ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ቢቻልም ሁሉን ያጠፋል።

እዚህ ላይ ቀላል የሚመስል ጉዳይ አለ። በገዳሪፍ ገበያ የተገዙ ስልኮች ብዙ ጊዜ ቋንቋቸው ዓረብኛ ነው። የማሻሻያው ማስጠንቀቂያዎችም በዚያው ቋንቋ ይመጣሉ። ‘ጫን’ እና ‘ሁሉን ሰርዝ’ የሚሉትን ሁለት ቁልፎች መለየት የማይችል ሰው ከመጀመሩ በፊት ቋንቋውን ወደሚያነበው መቀየር ይኖርበታል።

ማሻሻያ ለማይመጣላቸው ስልኮች

ጉግልና ሳምሰንግ ለውድ ስልኮቻቸው የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። የአውሮፓ ኅብረትም ከሰኔ 2025 ጀምሮ በገበያው ለሚሸጡ አዳዲስ ሞዴሎች፣ ሽያጫቸው ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ማሻሻያ እንዲቀርብ ያስገድዳል። ለአፍሪካ ገበያ የሚመረቱት ርካሽ ስልኮች ግን ብዙዎቹ አንድ የሥርዓት ለውጥ ብቻ፣ አንዳንዶቹም ምንም ሳያገኙ ያረጃሉ። በ2017 እጅግ ውድ ከነበሩት አንዱ የሆነው ‘ጋላክሲ ኤስ8’ እንኳ ከአንድሮይድ 9 አላለፈም።

እንዲህ ያለው ስልክ ይጣላል ማለት አይደለም። አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አንዳንድ የሥርዓቱ ክፍሎች በ‘ጉግል ፕሌይ’ በኩል ለብቻቸው ይታደሳሉ፤ አምራቹ ቢተወውም ጥበቃው ሙሉ በሙሉ አይቆምም። ከዚያ በታች የሆነው ለጥሪ፣ ለሬዲዮ፣ ለፎቶና ለሙዚቃ ያገለግላል። ገንዘብ ማንቀሳቀሻ ቢሆን ግን አይመከርም። በኢትዮጵያ በኩል ቴሌብርን በ*127#፣ የንግድ ባንክን አገልግሎት ደግሞ በ*889# ያለ ኢንተርኔትና ያለ ስማርትፎን መጠቀም ይቻላል፤ በዚህ ረገድ ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ከዘነጋነው አንድሮይድ 6 የተሻለ ነው።

አሮጌ ስልክ ያላቸው ሰዎች ዋትስአፕ ሲዘጋባቸው የሚያገኙት ፈጣን ‘መፍትሔ’ ከጓደኛ ስልክ በብሉቱዝ ወይም በፋይል መላኪያ የሚወሰድ ‘ጂቢ ዋትስአፕ’ን የመሰለ የተቀየረ ቅጂ ነው። ትክክለኛው ዋትስአፕ በእነዚህ የሚጠቀሙ መለያዎችን ያግዳል። በኅዳር 2023 ደግሞ ካስፐርስኪ የተሰኘው የደኅንነት ኩባንያ ከእነዚህ የተቀየሩ ቅጂዎች በአንዳንዶቹ ውስጥ ‘ኬንስስፓይ’ ብሎ የሰየመውን የስለላ ፕሮግራም አግኝቷል። ፕሮግራሙ በቴሌግራም ቻናሎች ጭምር ይሰራጭ የነበረ ሲሆን ዒላማዎቹ በዋናነት የዓረብኛና የአዘርባጃን ቋንቋ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ ግብፅና ሳዑዲ ዓረቢያ በብዛት ከተጠቁት መካከል ናቸው። ከገዳሪፍ ገበያ የሚቀዳ ቅጂ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም።

ያገለገለ ስልክ ለመግዛት ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት፣ ከሻጩ ፊት ሦስት ነገሮችን ማየት ይችላል፤ ሥራው ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። በ‘ስለ ስልኩ’ ሥር የደኅንነት ማሻሻያው ቀን ስንት ዓመት እንዳለፈው፣ ሥርዓቱ ከአንድሮይድ 10 በታች መሆን አለመሆኑን፣ እንዲሁም በ‘መለያዎች’ ሥር የሌላ ሰው የጉግል አድራሻ መኖሩን። አድራሻው ካለ ሻጩ ራሱ በይለፍ ቃሉ እንዲያወጣው፣ ከዚያም ስልኩን ከቅንብሮቹ ውስጥ ባዶ አድርጎ እንደገና እንዲከፍተው መጠየቅ ይገባል። የይለፍ ቃሉን አላውቅም የሚል ሻጭ የያዘው ስልክ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ አንድ ቀን ፍላሽ በተደረገ ማግስት ይዘጋል።